ሞንሲኞር ሰብለወንጌልና አረንጓዴው ካሱላ

እግዚአብሔር በሰባተኛው ቀን ያረፈው ሥራው ተጠናቆ አይመስለኝም፤ የቀረውን የሚያስተካክልለት ሰው አግኝቶ ነው። ይህን ሰው የማያውቅ የለም። በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ «አንተ፣ ሸሚዝህን ክተት» የሚለው እሱ ነው። በለቅሶ ድንኳን ወንበሩን በመሥመር የሚደረድረው እሱ ነው። በሠርግ ቤት የሙሽራውን ክራቫት ዓይኑ እስኪፈጥ የሚያጠብቀውም እሱ ነው። ማንም አልሾመውም፤ ስለዚህ ማንም አይሽረውም። አንዳንዴ ደግሞ እሱ ሳይሆን እሷ ናት፤ ያን ጊዜ ሰፈሩ ይወቀው።

አዳማ ውስጥ፣ በእኛ የካቶሊክ ቁምስና፣ ይህ ሹመት የእትዬ ሰብለወንጌል ነው። እኛ ግን ከጀርባቸው «ሞንሲኞር» እንላቸዋለን። ሞንሲኞር በቤተ ክርስቲያናችን ለተከበሩ ካህናት የሚሰጥ የማዕረግ ስም ነው። ለሴት ተሰጥቶ አያውቅም፤ እኛ ሰጠን። ቫቲካን እስካሁን አልተቃወመችም።

እትዬ ሰብለወንጌል ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ናቸው። ቀጭን ናቸው፤ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ የነጠላቸው እጥፋት በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። አስፋልቱ እንደ ማስቲካ ከጫማ ጋር በሚጣበቅበት ሚያዝያ እንኳ የአንገታቸው ቁልፍ አይፈታም። ላብ ራሱ እሳቸው ግንባር ላይ ከመውጣቱ በፊት ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስለኛል።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቦታቸው ሦስተኛው መደዳ፣ ጥግ ላይ ነው። ከዚያ ሆነው፣ አንገታቸውን ሳያዞሩ፣ ከኋላቸው ያለውን ሁሉ ያያሉ። እግሩን የሚያነባብር ሰው ቢኖር አንዲት «እህ» አለቻቸው፤ ከጉሮሮ የምትወጣ፣ አጭር፣ ደረቅ። እግሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። የማን እግር እንደሆነ ሳይታወቅ አራት አምስት እግር አብሮ የሚመለስበት ጊዜም አለ፤ ሁላችንም በደለኛ ነንና። ስልክ ቢጮህ ግን «እህ» አትበቃም። ቅዳሴው ካበቃ በኋላ በር ላይ ጠብቀው «ይህ የእግዜር ቤት ነው፣ መናኸሪያ አይደለም» ይላሉ። የአዳማን መናኸሪያ የሚያውቅ ሰው የስድቡ ክብደት ይገባዋል።

ሌላው አባባላቸው «ልብስ ይናገራል» የሚለው ነው። እኔ አንድ እሁድ ቸኩዬ በነጠላ ጫማ ሄድኩ። ስብከቱን በሙሉ እግሬን ሲያዩት ቆዩ። ስንወጣ ያዙኝና «አንተ ልጅ፣ ልብስ ይናገራል። ጫማህ ምን እያለ እንደሆነ ልንገርህ? ‘ከሻወር ቤት ነው የመጣሁት’ እያለ ነው» አሉኝ። ሃምሳ ዓመቴን ጨርሻለሁ፤ ልጅ ድሬያለሁ፤ «አንተ ልጅ» ስባል ግን እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ።

ቆይ፣ የሠርጉን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንድ ቪዲዮ ቀራጭ፣ ሙሽሮቹ ቃል ሊገባቡ ሲሉ፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድሮን አስነሳ። ድሮኗ እንደ ንብ እየጮኸች የመንበረ ታቦቱን ልብስ አርገበገበችው፣ አንድ ሻማም አጠፋች። እትዬ ሰብለወንጌል ሻማ የሚለኮስበትን ረጅም ዘንግ ይዘው ብቅ አሉ። ድሮኗ ሁለተኛ ዙር አልዞረችም። በሠርጉ ቪዲዮ ላይ ከሰማይ የተቀረጸው የመጨረሻው ምስል የእሳቸው ፊት ነው፤ በጣም ከቅርብ።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ሥልጣናቸው አይቆምም። የሞጆ መገንጠያ ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ የተሳፈሩበትን ሚኒባስ አስቆመ አሉ። የደንብ ልብሱ ሁለት ቁልፍ ተከፍቷል። ወረዱ፣ ቆለፉለት፣ ኮሌታውን አቃኑለት፣ ከዚያ «አሁን ቅጣ» አሉት። ሾፌሩ ሳይቀጣ አለፈ ይባላል። የሚናገሩት ሾፌሮች ናቸውና ትንሽ ጨምረውበት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ከመንበረ ታቦቱ ጀርባ ዕቃ ቤት የምንላት ጠባብ ክፍል አለች። የካህናቱ ልብስ የሚሰቀለው እዚያ ነው፤ የእትዬ ሰብለወንጌል ግዛትም እሷው ናት። ያጥባሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ይሰቅላሉ፤ ካህኑ ለቅዳሴ ሲለብስ ማንም እዚያ ክፍል ውስጥ ቃል እንዲተነፍስ አይፈቅዱም። ሰውየው እየለበሰ አይደለም፣ ሰውየውን እየሸፈነው ነው ይላሉ። ነጩ ቀሚስ ጥምቀቱ ነው። መቀነቱ ራስን መግዛት ነው። ከአንገት ወደ ፊት የሚወርደው ስቶላ ሥልጣነ ክህነቱ ነው። ከሁሉም በላይ የሚደረበው ሰፊው ልብስ፣ ካሱላ የሚባለው፣ ፍቅር ነው። ፍቅር ከሥልጣን በላይ ይለበሳል እንጂ ሥልጣን ከፍቅር በላይ አይለበስም። ይህን ለእያንዳንዱ አዲስ አንባቢ፣ ለእያንዳንዱ ሠርገኛ፣ አንድ ጊዜም ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣ የመብራት ኃይል ሠራተኛ አስረድተዋል።

የካሱላው ቀለም እንደ ዘመኑ ይለዋወጣል፤ ነጭ ለደስታ፣ ወይን ጠጅ ለንስሐ፣ ቀይ ለሰማዕታት፣ አረንጓዴ ለቀሩት ሳምንታት። ቤታቸው ያለው የጠረጴዛ ልብስም አብሮ ይለወጣል። ባለቤታቸው ጋሽ ጉደታ፣ የቀድሞ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ወይን ጠጁ ሲነጠፍ ሥጋ እንደሌለ አውቀው ዝም ይላሉ። አንድ ቀን ቀይ ተነጥፎ አዩና ክትፎ ነው ብለው እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ። የሰማዕት በዓል ነበር። ሽሮ ቀረበ።

እንዲህ ባለው ሰላም መሐል ነው አባ ማናሴ የመጡት።

አባ ማናሴ የቦቆጂ ሰው ናቸው፤ ብርድ አገር ያደጉ። ወጣት ናቸው፤ ኳስ ይጫወታሉ፤ ስብከታቸው አጭር ነው፤ አሮጊቶችን በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» ብለው ሲያቅፏቸው ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ይሞቃል። አንድ ጠላት ብቻ ነበራቸው፤ የአዳማ ሙቀት። ካሱላዎቻችን ደግሞ ከጣልያን በስጦታ የመጡ፣ ገበራቸው ወፍራም፣ የወርቅ ጥልፋቸው ከባድ ነው። ለሰፏቸው መነኮሳት ስለ አዳማ ሚያዝያ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

አንድ እሁድ አባ ማናሴ «ሦስተኛው ነጥብ» ብለው ስብከታቸውን አቆሙ። ፊታቸው ነጣ፤ ተንገዳገዱ፤ ሁለት ሰው ደግፎ አስቀመጣቸው። ውኃ ጠጥተው ተነሡ እንጂ ሦስተኛውን ነጥብ እስከ ዛሬ አልሰማነውም። በሚቀጥለው እሁድ ያለ ካሱላ ወጡ፤ በነጩ ቀሚስና በስቶላው ብቻ።

ብዙዎቹ ቀለል ብለው ያምራሉ አሉ። ሦስተኛው መደዳ ላይ ግን አንዲት ሴት ራቁቱን የቆመ ሰው ያየች ያህል ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ጦርነቱ መጀመሪያ በዝምታ ነበር። በየእሁዱ ካሱላው ተተኩሶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃል፤ በየእሁዱ አባ ማናሴ በአክብሮት ያዩትና ይተዉታል። አንድ እሁድ ንባብ የእኔ ተራ ስለነበር ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ስለዚህ ዝምታው ሲሰበር የሰማሁት በጆሮዬ ነው።

አባ ማናሴ በለሆሳስ ነበር የጀመሩት። ትርጉሙን እንደሚያውቁ፣ ዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት እንደተማሩት፣ ነገር ግን መሠዊያው ላይ ወድቆ ጽዋውን ማፍሰስ ካለመልበስ የባሰ መሆኑን ተናገሩ። ከዚያም «እትዬ፣ እግዚአብሔር እኮ የሚያየው ልብን ነው» አሉ።

«እሱማ ልብዎን ይይ። ልብስዎን የምናየው እኛ ነን።»

አባ ሳቁ። እትዬ ሰብለወንጌል አልሳቁም። የስቶላውን ጫፍ በሁለት ጣት ያዙና ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ እኔ በዚያ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

«አባ፣ ይህች ሥልጣንዎ ናት። ሥልጣንማ የትም አለ። ቀበሌ ስሄድ አያለሁ፤ ጽሕፈት ቤት ስሄድ አያለሁ፤ ያስተማርኩበት ትምህርት ቤትም ሞልቶ ነበር። ሁሉም ከላይ ደርቦት ነው የሚዞረው። ፍቅርን ከላይ ለብሶ ሥልጣኑን ከሥር ያደረገ ሰው የማየው እሁድ እሁድ፣ እዚህ ብቻ ነበር። እሱን ነው ያወለቁብኝ።»

አባ ማናሴ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ካሱላ ዳሰሱ። ደወል ሊደወል ነው። በመጨረሻ፣ ሙቀቱን ተሸክመው የማይወድቁበት ካሱላ እትዬ ካመጡላቸው እንደሚለብሱት ተናገሩ። ካልተገኘ ግን ይህ ነገር ዳግመኛ አይነሣም።

«ቃልዎ ነው?» አሉ እትዬ ሰብለወንጌል።

«ቃሌ ነው። የእርስዎስ?»

«የእኔም ነው።»

እሳቸው ቃል ከሰጡ ሰጡ ነው። ቢሸነፉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ስለ ካሱላ ትንፍሽ እንደማይሉ ሁላችንም አወቅን፤ ወሬው ቅዳሴው ሳያበቃ ግቢውን ሞልቶት ነበር። አንዳንዱ አዘነ፤ አንዳንዱ «ተመስገን» አለ፤ እኔ የትኛው ወገን እንደነበርኩ ለጊዜው ይቆይ።

መጀመሪያ ጨርቅ ፍለጋ ነበር። ወቅቱ የአረንጓዴ ነው። የአዳማን ሱቆች አዳርሰው ያገኙት ሁሉ የሚያብረቀርቅ ፖሊስተር ሆነባቸው። አንዱን ነጋዴ እዚያው ሱቁ ውስጥ ይህ ልብስ ሳይሆን የዝዋይ አበባ የሚበቅልበት ላስቲክ ቤት መሆኑን ነገሩት። ቀጭን ጥጥ ሻሸመኔ አለ ተባለ፤ ሻሸመኔ ወረዱ። እዚያ አብዱናሲር የሚባል ጨርቅ ነጋዴ አረንጓዴ ሲሉት በደስታ ዘሎ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የተደረደረበት ጣቃ ዘረጋላቸው። እትዬ ሰብለወንጌል ከሦስቱ አንዱን ብቻ እንደሚፈልጉ አስረዱ። አብዱናሲር ግራ ተጋባ። «እናቴ፣ እዚህ ከተማ ሦስቱን ለይቶ የጠየቀኝ ሰው የለም» አላቸው። ከብዙ ቁፋሮ በኋላ ግን እንደ ባሕር ዛፍ ችግኝ ለስላሳ አረንጓዴ የሆነ፣ ትንፋሽ የሚያስገባ ጥጥ ከመጋዘኑ አወጣላቸው። ሲመለሱ ጨርቁን እንደ ሕፃን ታቅፈው ነው የተጓዙት። ላንጋኖ ላይ ደረቱን ገልጦ የተሳፈረ አንድ ዋናተኛም ነበር፤ ዝዋይ ሳይደርስ ሸሚዙን ለብሶ ቆልፎ ነበር አሉ።

ልብስ ሰፊው ኑሬ ነው፤ ገበያው አጠገብ ጀለቢያና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፋ፣ እጁ የተመሰገነ ሰው። ኑሬ ሰውየው መጥቶ ይለካ አለ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው፤ የተበላሸውም በክብር ብዛት ነው።

እትዬ ሰብለወንጌል ሜትር በካህን ትከሻ ላይ የሚጋደምበትን ሁኔታ ሊያስቡት እንኳ አልቻሉም። በቅዱስ ዘይት የተቀባ ሰው እንደ ጣውላ አይለካም። ስለዚህ በቁመትም በትከሻም ከአባ ማናሴ ጋር የሚተካከል ሰው ፈለጉና ሩቅ ሳይሄዱ አገኙት። ጋሽ ጉደታን ይዘው ኑሬ ሱቅ ገቡ።

ኑሬ ደረት ለካ፣ ትከሻ ለካ። ጋሽ ጉደታ ለነገሩ ብልህ ሰው ናቸው፤ ካህን ሲቀድስ እጁን እንደሚዘረጋ ትዝ አላቸውና ሁለት ክንዳቸውን አነሡ፤ ድምፃቸውንም ወፈር አድርገው «ጌታ ከእናንተ ጋር...» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ የሚስታቸው መዳፍ እጃቸው ላይ አረፈ።

«ዝቅ አድርግ! የካህን እጅ መጫወቻ ነው?»

«እንዲለካ ብዬ ነው እኮ፣ ሰብሌ።»

«ቀጥ ብለህ ቁም።»

ጋሽ ጉደታ እንደ ወታደር ቀጥ አሉ፤ ኑሬም እጁን ወደ ጎኑ የለጠፈ ሰው ለካ። በዚህ ላይ እትዬ ሰብለወንጌል ጨርቅ በበዛ ቁጥር ሙቀት ይበዛል ብለው አጥብቦ እንዲሰፋው አዘዙት። ኑሬ ካሱላ ሰፍቶ አያውቅም፤ የታዘዘውን ሰፋ። ጎንና ጎኑን ከብብት በታች እስከ ታች ዘጋው፤ ለእጅ ማውጫ ብቻ ከክርኑ በታች ትንሽ ትንሽ ቀዳዳ ተወለት። ስፌቱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዓይን ያፈዝ ነበር።

እሁድ ደረሰ። አባ ማናሴ ዕቃ ቤት ውስጥ ልብሱን ባረኩት፤ በነጩ ቀሚስና በስቶላው ላይ ደረቡት። ቀለላቸው። ፊታቸው በራ። እትዬ ሰብለወንጌል ምንም ሳይሉ ወጥተው ሦስተኛው መደዳ ላይ ተቀመጡ፤ ቀጥ ብለው፣ እንደ አሸናፊ።

አባ ለመሠዊያው እጅ ነሡ፤ ደህና ነው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «ጌታ ከእናንተ ጋር ይሁን» ብለው እጃቸውን ሊዘረጉ ፈለጉ። እጃቸው ከወገባቸው በላይ አልወጣም። ክርናቸው ጎናቸው ላይ እንደተጣበቀ መዳፎቻቸው ብቻ ወደ ላይ ተገለጡ፤ ልክ «ምን ላድርግ፣ ዕቃው አልቆብኛል» እንደሚል ባለሱቅ። «ከመንፈስህ ጋር» አልናቸው፤ ድምፃችን ግን እየተንቀጠቀጠ። ሁለተኛ ሞከሩ። ካሱላው ከነጩ ቀሚስ ጋር ተያይዞ ወደ ጉልበታቸው ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። እኔ ንባቤን ያነበብኩት ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ ነው፤ ባነሣ ኖሮ አልቆልኝ ነበር።

ንባቡም ስብከቱም እንደምንም አለፈ። አሁን የሚቀረው ዋናው ነበር። ካህኑ ኅብስቱንና ጽዋውን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ የሚያሳይበት ጊዜ እየቀረበ ነው፤ በእነዚያ በታሰሩ እጆች ደግሞ ከሆዱ በላይ የሚያነሣው ነገር የለም። መዘምራኑ የመባውን መዝሙር ሲጀምሩ አባ ማናሴ ወደ ወንበራቸው ጠጋ አሉና የካሱላውን ጫፍ ከታች ሰበሰቡት። ሊያወልቁት ነው።

ካወለቁት አለቀ። ቃል ተሰጥቷል። ይህን ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ያውቃል።

እትዬ ሰብለወንጌል ተነሡ። ልብ በሉ፣ እኚህ ሴት በቅዳሴ ሰዓት ወደ መሠዊያው የሚያስገባውን ደረጃ ረግጠው አያውቁም፤ የረገጠ ሰውም በእሳቸው ፊት በሰላም ወጥቶ አያውቅም። ደረጃው ሥር ጫማቸውን አወለቁ። ተንበረከኩ። ከቦርሳቸው በወረቀት የተጠቀለለች፣ ክር የሚተረትሩባት ምላጭ አወጡና ደረጃውን ወጡ። የአባ ማይክሮፎን ደግሞ ኮሌታቸው ላይ እንደበራ ነው፤ ስለዚህ የሚቀጥለውን እኛ ብቻ ሳንሆን ከአጥር ውጭ ያሉት የባጃጅ ሾፌሮችም ሰምተውታል።

«አባ፣ ክንድዎን ትንሽ ወደ ጎን።»

«እትዬ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ዝም ይበሉ። ቅዳሴ ላይ አይወራም።»

ከዚያ በድምፅ ማጉያው «ጭርርርር» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የቀኙ ጎን ነው። መዘምራኑ አቆሙ። እንደገና «ጭርርርር»፤ ግራው። የኑሬ ያ ሁሉ ጥበብ ከብብት እስከ ታች ድረስ ተተረተረ። እትዬ ሰብለወንጌል ምላጯን ጠቀለሉ፣ ለመሠዊያው ተንበረከኩ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ጊዜው ሲደርስ አባ ማናሴ ኅብስቱን አነሡ። ክንዳቸው እስከ ጫፉ ተዘረጋ። ቬንቲሌተሩ ከጎን ነፈሰና አረንጓዴው ጨርቅ በሁለቱም በኩል ተነሥቶ ቀስ ብሎ ወደቀ። ያን ሁሉ ሰዓት ሳቁን ታግሎ ከቆየው ሕዝብ መካከል አንድም የሚስቅ አልነበረም። ሕፃናቱ ራሳቸው አላለቀሱም።

ቅዳሴው ሲያበቃ አባ ማናሴ ልብሳቸውን አውልቀው ሕዝቡን ከተሰናበቱ በኋላ ሊያመሰግኗቸው ዕቃ ቤት ተመለሱ። እትዬ ሰብለወንጌል ካሱላውን እያጠፉ ነበር። ቀና ብለው አላዩዋቸውም። የሚለበስ አመጣለሁ ብለው የማይለበስ እንዳመጡ፣ በዚያም ላይ የተባረከ ልብስ በመሠዊያው ፊት በምላጭ እንደቀደዱ፣ ስለዚህ መረታታቸውን ተናገሩ። አባ ሊከራከሩ ሞከሩ። «ቃል ቃል ነው» አሏቸው፤ በዚያው አበቃ።

የሚቀጥለው እሁድ፣ ቃላቸውን ጠባቂ ናቸውና፣ ጠረጴዛው ላይ ነጩን ቀሚስ፣ መቀነቱንና ስቶላውን ብቻ ዘርግተው ወጡ። አረንጓዴውን መስቀያው ላይ ተዉት። መጥተው ቦታቸው ተቀመጡ።

ከካሱላው ጋር ሌላውንም የተዉት ይመስላል፤ ያን ቀን ነጻ ወጣን። ስልክ ጮኸ፤ ማንም ምንም አላለም። አንድ ወጣት በቁምጣ ገብቶ እፊት መደዳ ተቀመጠ፤ «እህ» አልተሰማችም። እግር በእግር ላይ ተነባበረ። የናፈቅነው ነጻነት ይኸው ነበር፤ እኔ ግን የቤቴ ጣሪያ የተነሣ ያህል ከበላዬ በረደኝ። ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? ሸሚዜን ከሱሪዬ አወጣሁት። አውጥቼም በሦስተኛው መደዳ ፊት ለፊት ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። አንድ ነገር ይበሉኝ ብዬ ነው። አላዩኝም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ባዶው መሠዊያ ያዩ ነበር። ያን ጊዜ የትኛው ወገን እንደነበርኩ ገባኝ፤ ዛሬ ይኸው በአደባባይ ጻፍኩት።

ደወሉ ተደወለ። ተነሣን። ሰልፉ ከዋናው በር ገባ፤ መስቀሉ ከፊት፣ አባ ማናሴ ከኋላ። አረንጓዴውን ካሱላ ለብሰዋል።

ማንም አልዘረጋላቸውም፤ ከመስቀያው ያወረዱት ራሳቸው ናቸው። ጎንና ጎኑ እንደተተረተረ ነው፤ የተቆረጠው ክር በሁለቱም በኩል ተንጠልጥሏል። ስቶላው ከሥር ነው፤ ጫፉ ብቻ ይታያል። ሦስተኛው መደዳ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«እትዬ፣ እንዲህ ሲሆን ነፋስ ያስገባል» አሉ በለሆሳስ። «አልወድቅም።»

እትዬ ሰብለወንጌል ከአንገታቸው እስከ ጫማቸው አዩዋቸው። ከዚያ ዓይናቸው በቀኝ በኩል ከሁሉም ረዝሞ በተንጠለጠለው ክር ላይ ደረሰና እዚያው ቀረ። ጎንበስ አሉ፤ ክሩን በሁለት ጣት ያዙ፤ በጥርሳቸው በጠሱት።

ቀና ሲሉ ነው ክሩ አፋቸው ውስጥ መሆኑ የታወቃቸው። የተባረከ ልብስ ክር ነው። በእግዜር ቤት አይተፋም። መሬት አይጣልም። ቦርሳ ውስጥ ከቁልፍና ከከረሜላ ጋር አይደባለቅም። አባ ማናሴ ይጠብቃሉ፤ መስቀል የያዘው ይጠብቃል፤ ሕዝቡ በሙሉ አንገቱን አስግጎ ያያል።

ሞንሲኞራችን ቀጥ ብለው ቆሙ፤ አማተቡ፤ ዋጡት።